ጠበሉም፣ እጥበቱም

ጥያቄ፦

ሰላም ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? ዓምድዎን ሁሌም አነባለሁ፣ አንድ ቀን እኔ እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። 34 ዓመቴ ነው፣ የሁለት ልጆች እናት ነኝ፣ የምንኖረው አዲስ አበባ ነው። ባለቤቴ 41 ዓመቱ ነው፣ ሚኒባስ ታክሲ ይሠራል። ታሞ ተኝቶ አያውቅም። ከሦስት ወር በፊት ይደክመኛል ማለት ጀመረ። ምግብ ያስጠላዋል፣ ጠዋት ሲነሣ ፊቱ ያብጣል። ጨጓራ ነው ብለን ተልባ ስናጠጣው ከረምን። አንድ ሌሊት ትንፋሽ አጠረውና ጎረቤት ቀስቅሼ ሆስፒታል አደረስነው። በማግስቱ ሐኪሙ ለብቻዬ ጠራኝና ሁለቱም ኩላሊቶቹ ሥራ አቁመዋል አለኝ። ደም ግፊት ለዓመታት ሳያውቀው ኖሮበት ነው አሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ በሳምንት ሦስት ቀን እጥበት ነው። ሚኒባሱን ለመሸጥ ደላላ እያናገርን ነው።

አማቴ ከገጠር መጥተው አብረውን ናቸው። «ልጄን በማሽን አትጨርሱብኝ፣ ሁለት ሱባኤ ጠበል ይግባ፣ እጥበቱን ግን ይተው፣ በሁለት ልብ አይዳንም» ይላሉ። ጎረቤቴ ሌላ ቤተ እምነት ናት፣ እሷ ደግሞ «ፈውሱን በእምነት ተቀበዪ፣ መመላለሱ ጥርጣሬ ነው» ትለኛለች። «የሠራችሁት ነገር ይኖራል» ያለኝም አልጠፋም። አሁን ባለቤቴ ራሱ መወላወል ጀምሯል። ባለፈው ሐሙስ አልሄድም ብሎ ስንት ለምኜው ነው የሄደው። እኔ ደግሞ ጸሎት አቅቶኛል። አቡነ ዘበሰማያት ብዬ እጀምርና መሃል ላይ ስደርስ ሐሳቤ የት እንደሄደ አላውቀውም። ሰው ሁሉ ታገሺ ይለኛል። ጋሼ፣ እንዴት ነው የሚታገሡት? እጥበቱን መቀጠላችንስ እውነት እምነት ማጣት ነው?

የሁለት ልጆች እናት

መልስ፦

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይማርልሽ። ጥያቄሽ ሁለት ነው፣ እኔ ግን ከኋለኛው እጀምራለሁ፣ ጊዜ የማይሰጠው እሱ ነውና። እጥበቱን አታቁሙ። አንድም ቀን አትዝለሉ።

ለምን እንደምል ላስረዳሽ፣ ለአማትሽም እንድትነግሪልኝ። ጤነኛ ኩላሊት ቀንና ሌሊት ሳያርፍ ትርፉን ውኃና ቆሻሻ ከደም ያጣራል። የባለቤትሽ ይህን አቁሟል። ስለዚህ ማሽኑ አንዴ ሲያጥበው አራት ሰዓት ገደማ የሚፈጅበት፣ የሁለት የሦስት ቀን ሥራ በአንድ ቁጭታ ስለሚሠራ ነው። ሲዘለል ውኃው ይጠራቀምና ወደ ሳንባ ይገባል፤ ያ ሌሊት ያያችሁት የትንፋሽ ማጠር እንዲህ ያለ ነው። ፖታሲየም የሚባለው ማዕድን ደግሞ በደም ውስጥ ሲበዛ ልብን ድንገት ሊያቆም ይችላል፣ ብዙ ጊዜ ማስጠንቀቂያ እንኳ አይሰጥም። ሁለት ሱባኤ ማለት 14 ቀን ነው። ኩላሊቱ ጨርሶ ላቆመ ሰው 14 ቀን ያለ እጥበት መቆየት ቀልድ አይደለም፣ እህቴ።

ጠበል አይሂድ እያልኩ አይደለም። እኔም ጠበል የተጠመቅሁ፣ እናቴም በጠበል ያሳደገችኝ ሰው ነኝ። ግን ጠበል ቦታ በባዶ ሆድ ስንት ጆግ እንደሚጠጣ አንቺም ታውቂዋለሽ። ለኩላሊት ሕመምተኛ በቀን የሚጠጣው ፈሳሽ ይለካለታል፣ የሚያስወጣበት መንገድ የለውማ! ስለዚህ ጠበሉን ሲጠጣ ከተፈቀደለት መጠን ላይ የሚቆጠር ይሁን፣ በትንሽ ስኒ፣ በረከቱ በሊትር አይለካም። ሌላ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር አለ። አንገቱ ወይም ደረቱ ላይ ቱቦ ተክለውለት ከሆነ ያ ቦታ ውኃ እንዲነካው አይፈለግም፣ ኢንፌክሽን በቀጥታ ወደ ደም ይገባል። ክንዱ ላይ ደም ሥር ሠርተውለት ከሆነ፣ ፊስቱላ የሚሉትን ማለቴ ነው፣ በዚያ እጁ ከባድ ዕቃ አያንሣ፣ ደም ግፊትም በዚያ እጅ አይለካ። ከመጠመቁ በፊት እጥበት ክፍል ያሉትን ነርሶች «ጠበል መጠመቅ እንፈልጋለን፣ እንዴት እናድርግ?» ብለሽ ጠይቂ። አይስቁብሽም፣ በየሳምንቱ የሚጠየቁት ጥያቄ ነው።

«በሁለት ልብ አይዳንም» ለሚለው ግን አማትሽን በአክብሮት እሞግታቸዋለሁ። ቤተ ክርስቲያናችን ከምትቀበላቸው መጻሕፍት አንዱ መጽሐፈ ሲራክ ነው። ምዕራፍ 38ን ያንብቡላቸው። ሐኪሙን አክብር፣ እሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው፣ መድኃኒትንም ከምድር ያወጣ እሱ ነው ይላል። እዚያው ላይ ስትታመም ጸልይ ይልና ወዲያው ለሐኪምም ስፍራ ስጠው ይላል። ሁለቱን አላጣላቸውም። ንጉሥ ሕዝቅያስም ለሞት ታሞ አልቅሶ ጸለየ፣ 15 ዓመት ተጨመረለት። ተአምሩን ሁላችንም እናወራዋለን። ነቢዩ ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ አምጡና ቁስሉ ላይ ለጥፉ ማለቱን ግን ማንም አያወራም። እሱም በትንቢተ ኢሳይያስ ምዕራፍ 38 ነው፣ ሁለቱም 38 መሆናቸው ለማስታወስ ይመቻል። ደግሞ ሩቅ ሳንሄድ፣ በ1999 ዓ.ም. ገደማ ብዙ የኤችአይቪ ሕሙማን እንጦጦ ማርያም ጠበል ገብተው መድኃኒታቸውን ሲተዉ፣ ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ራሳቸው ጠበሉን ከመድኃኒቱ ጋር ውሰዱ ብለው በአደባባይ ተናግረዋል። አማትሽ የእኔን ቃል ባይሰሙ አይፈረድባቸውም፣ ጋዜጠኛ ነኝ። የንስሐ አባታችሁን ቤት ጥሪና እሳቸው ይንገሯቸው። በዚያው ለባለቤትሽ ቀንዲል እንዲደረግለት ጠይቂ፤ ለሕሙማን የተሠራ ምሥጢር ነው፣ እኛ ግን ለመሞት የተቃረበ ሰው ብቻ የሚቀበለው እየመሰለን እንፈራዋለን።

አንድ ነገር ደግሞ ልምከርሽ። አማትሽን አንድ ቀን ይዘሻቸው ሂጂ። «ማሽን» ሲባል ምን እየታያቸው እንደሆነ ማን ያውቃል? ልጃቸው ተኝቶ፣ አጠገቡ ያለው ሰውዬ ቀልድ እየነገረው፣ ሌላው ነጠላ ተከናንቦ ውዳሴ ማርያም እየደገመ ሲያዩ ፍርሃታቸው ይቀንሳል። እናት ናቸው፣ የሚያስጮኻቸው ፍርሃት ነው እንጂ ክፋት አይደለም።

«የሠራችሁት ነገር ይኖራል» ላለሽ ሰው እኔ ብዙ ቃል የለኝም። ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አይተው እሱ ነው ወይስ ወላጆቹ ኃጢአት የሠሩት ብለው ሲጠይቁ ጌታ ሁለቱም አይደሉም ነው ያለው፣ ዮሐንስ 9 ላይ። ባልሽን ያመመው ደም ግፊት ነው። ይህን ስል ግን ራሴም ከዚያ ሰውዬ ብዙ እንደማልሻል ልናዘዝ። ከዓመታት በፊት የእህቴ ልጅ በድንገት በጠና ታሞ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ፣ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ «እግዚአብሔር የሚወደውን ይገሥጻል» አልኳት። ጥቅሱ ልክ ነው። ሰዓቱ ነበር ስህተቱ። ዝም ብላ አየችኝና ገባች። ልጁ ዳነ፣ እኔን ግን ለወራት አላናገረችኝም። የኢዮብ ጓደኞችን ታሪክ ከዚያ በኋላ ነው ገልጬ በደንብ ያነበብኩት። ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አንድም ቃል ሳይናገሩ አብረውት መሬት ላይ ተቀመጡ። እስከዚያ ድረስ እንደነሱ ያለ ወዳጅ የለም። አፋቸውን ሲከፍቱ ነው ነገሩ የተበላሸው፣ መጨረሻ ላይም እግዚአብሔር የተቆጣው በኢዮብ ሳይሆን በእነሱ ነው። ኢዮብ እኮ ሲከራከር፣ ሲያማርር፣ የተወለደበትን ቀን ሲረግም ነው የከረመው። እኛ «የኢዮብን ትዕግሥት ይስጥሽ» ስንል ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው አድርገን ነው የምናስበው፣ መጽሐፉን ስታነቢው ግን ሌላ ሰው ታገኛለሽ።

ወደ ትዕግሥቱ ልምጣ። ጎረቤትሽ እምነት የምትለው ውጤቱን አስቀድሞ ማወቅን ነው። ይድናል ብለሽ ካላመንሽ አላመንሽም ማለት ነው፣ በእሷ ቤት። እኔ ግን ሠለስቱ ደቂቅን አስባለሁ። በየዓመቱ ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ሰው የሚጎርፈው፣ ጥላ የሚያስገባው፣ ስለት የሚከፍለው እነሱን ከእሳት ባዳነው በቅዱስ ገብርኤል በዓል ነው። ንጉሡ ፊት ቆመው ምን እንዳሉ ግን ልብ በዪ። አምላካችን ሊያድነን ይችላል አሉ፣ ቀጠሉና «ባያድነን» እንኳ ለምስልህ አንሰግድም አሉ። ያቺ «ባያድነን» የምትል ቃል ለእኔ ከእሳቱ መብረድ ትበልጥብኛለች። ሲናገሯት ገና እቶኑ ውስጥ አልገቡም፣ መልአክ አላዩም፣ መጨረሻውን የሚያውቅ ማንም የለም። ስለዚህ አንቺ «ይድናል» ብለሽ መማል አይጠበቅብሽም፣ እፈራለሁ ብትዪም እምነትሽ አልጎደለም። ፈርተሽም ሐሙስ ጠዋት ለምነሽ ታክሲ ውስጥ አስገብተሽዋል፤ በእኔ ግምት ያን ቀን የሠራሽው ከብዙዎቻችን ስግደት ይበልጣል።

ጸሎቱ መሃል ላይ ጠፋብኝ ያልሽው ደግሞ ገረመኝ፣ ምክንያቱም አቡነ ዘበሰማያት መሃሉ ላይ ያለው «ሲሳየነ ዘለለ ዕለትነ ሀበነ ዮም» ነው። የዕለቱን ለዛሬ ስጠን። የነገ የለበትም። ዓመቱን ሙሉ እንዴት እችላለሁ ብለሽ ስትቆሚ ይጠፋብሻል፣ ይህን መቻል ያለበትም ሰው የለም። እጥበቱ ራሱ ከአንዱ ቀን እስከ ሚቀጥለው ነው የሚያኖረው፤ ዛሬ ማክሰኞ ከሆነ የአንቺ ትዕግሥት እስከ ሐሙስ ይድረስ፣ የሐሙሱን ሐሙስ ትለምኛለሽ። እስከዚያች ዓረፍተ ነገር ድረስ ብቻ ድገሚና ቁሚ። የቀረውን ሰው ይሙላልሽ፣ ለዚህ ነው በቅዳሴ ተሰብስበን የምንቆመው።

አሁን ስለ ሚኒባሱ። አትሽጡ አልልም፣ ግን በመጀመሪያ ሳምንት ድንጋጤ አትሽጡ። ለአንድ ወር የሚተማመኑበት ሹፌር ይቀመጥበት፣ ገቢው ታይቶ ይወሰን። ዕቁብ ካላችሁ ዳኛውን አናግሪና ዕጣው ቀድሞ እንዲሰጥሽ ጠይቂ፣ በሕመም ምክንያት ሲሆን አብዛኛው ሰው አይጨክንም። ዕድራችሁንም ጠይቂ፤ ድንኳን ከማቆም አልፎ ለታመመ አባል የሚረዳ ዕድር ዛሬ ብዙ ነው፣ ደንቡ ውስጥ ባይኖር እንኳ በስብሰባ ሊወሰን ይችላል። «ገመናችንን አደባባይ አናውጣ» የሚል ዘመድ አይጠፋም። ያ ዘመድ የእጥበቱን ይከፍላል? ካልከፈለ ይቅር።

ጊዜው ሲረጋ ደግሞ ሐኪሙን ስለ ንቅለ ተከላ ጠይቁት። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ አበባ ጳውሎስ ሆስፒታል ከዘመድ በሚሰጥ ኩላሊት ተሠርቷል። ለሁሉም ይሆናል ማለት አይደለም፣ ምርመራው ብዙ ነው፣ ወንድም እህት ፈቃደኛ መሆኑ ብቻ አይበቃም። ግን የሚጠየቅ ጥያቄ ነው። ጾሙን በተመለከተ፣ ለሕመምተኛ ግዴታ እንዳልሆነ የንስሐ አባትሽ ይነግሩሻል። እጾማለሁ ብሎ ካስቸገረሽ ግን ምን እንደሚበላ ከሐኪሙ ጋር ተነጋገሩ፣ ድንች፣ ቲማቲም፣ አቮካዶ፣ ባቄላ የጾም ምግብ ናቸው፣ ፖታሲየማቸው ግን ለእሱ ከባድ ነው።

ከወር በኋላ ጻፊልኝ። ክፉ ወሬ ቢሆንም ጻፊልኝ።

ጥያቄ፦

ጋሽዬ፣ የምጽፍልዎት ከቤይሩት ነው፣ ሰው ቤት ነው የምሠራው። እናቴ ከሞተች አራት ወር እንደሆናት የሰማሁት ባለፈው ሳምንት ነው። በደወልኩ ቁጥር «ገበያ ሄዳለች»፣ «ተኝታለች» ሲሉኝ ከርመው በመጨረሻ ወንድሜ በዋትሳፕ ነገረኝ። ሌሊት ሥራ ስጨርስ ወጥ ቤት ተቀምጬ አለቅሳለሁ። እግዚአብሔር ላይ ተቆጥቻለሁ። ኃጢአት ነው?

መልስ፦

ነፍሷን ይማር፣ ልጄ። መርዶ በአገራችን ወግ የነበረው ነገር ነው። ጎረቤትና ዘመድ ጎህ ሳይቀድ ተሰብስቦ፣ ደጋፊ ተዘጋጅቶ ነው የሚረዱሽ። ቤተሰቦችሽ የደበቁሽ ብቻዋን ሆና ትሰማለች ብለው ፈርተው ይሆናል፣ ዞሮ ዞሮ ግን ብቻሽን ሰማሽ። ወንድምሽን ዛሬ አትጣዪው፣ የቂሙ ጊዜ ይደርሳል።

ቁጣውን በተመለከተ መዝሙረ ዳዊት 12ን ክፈቺ፣ በሌላኛው መጽሐፍ ቅዱስ አቆጣጠር 13 ነው። «አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?» ብሎ ነው የሚጀምረው። እስከ መቼ፣ እስከ መቼ እያለ ይደጋግመዋል። ይህ እኮ በቤተ ክርስቲያን የሚደገም ጸሎት ነው፣ አያቶቻችን በቃላቸው የያዙት። እግዚአብሔር ላይ ተቆጥተሽ ለራሱ ለእግዚአብሔር ከነገርሽው እየጸለይሽ ነው፣ ባትነግሪው ነበር እኔ የምሰጋልሽ።

ሌላው፣ ለቅሶ ብቻሽን ወጥ ቤት ውስጥ አይወጣልሽም። የዕረፍት ቀን ካለሽ የአገርሽን ልጆች ጥሪ፣ ቡና አፍሉ፣ የእናትሽን ፎቶ አስቀምጪና አልቅሱ። የዕረፍት ቀን ከሌለሽ አንዲት ጓደኛሽ በስልክ ትቀመጥልሽ። ቤተሰቦችሽን ደግሞ ተዝካር ወጥቶ ከሆነ የተቀዳ ነገር እንዲልኩልሽ፣ ካልወጣም አንቺ ስትመለሺ መቃብሯ ላይ ፍትሐት እንዲደረግ ከወዲሁ እንዲያስቡበት ንገሪያቸው።

ጥያቄ፦

የሥራ ባልደረባዬ ባልጠበቅነው ሰዓት ኩላሊት ታሞ ተኝቷል። ልንጠይቀው ነው፣ ምን ብለን እናጽናናው? ከየትኛው የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍል ብናነብለት ይሻላል?

መልስ፦

«እግዜር ይማርህ» በሉትና ተቀመጡ። ሕመሙን ራሱ ካላነሣው አታንሡበት፣ ስለ ቢሮው ወሬ ንገሩት፣ ማን ከማን እንደተጣላ፣ እሱ ይናፍቀዋል። እናንብብ ካለ ራሱ ይምረጥ። ሚስቱን ወይም አስታማሚውን አንድ ሰው ለይቶ «ዛሬ ሌሊት እኔ ልደር፣ አንቺ ቤት ሄደሽ ተኚ» ይበላት፤ ብትፈልጊ ደውዪ ከሚለው ይህ ይሻላል፣ ማንም አይደውልም።

ደግሞ እንደ ልማዳችሁ በፌስታል ሙዝና ብርቱካን፣ ላዩ ላይ ጁስ ጨምራችሁ እንዳትሄዱ። ለእሱ የተከለከሉ የፖታሲየም መጋዘኖች ናቸው። ከገዛችሁም ለልጆቹ ብላችሁ ቤት አድርሱት።